ለንባብ ጊዜ ከየት እናምጣ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በንባብ ኮሚቴው አባላት የቀረበ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች «በሥራ በተጣበበ ኑሮ ውስጥ ለመጽሐፍ ንባብ እንዴት ጊዜ እናገኛለን» በሚል ርእስ እንድንናገር ሲጠይቁን፣ እውነቱን ለመናገር ኮሚቴው በሙሉ ሳቀ። ከመካከላችን አንዷ እንዝርቷን ሳታቆም፣ «መጀመሪያ ጊዜውን ያሳዩን፤ ከዚያ ምን እንደምንሠራበት እንነግራቸዋለን» አለች። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀንም። እኛም ለሁለት ዓመት ያህል እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ የኖርነው ይህንኑ ነበርና። መልስ የሚመስል ነገር ያገኘነው ሁለት ጊዜ ሞክረን ካልሆነልን በኋላ ነው። ስለዚህ ያልሆነልንንም ጭምር እንነግራችኋለን።

ቀናችንን የማያውቅ እንግዳ ካለ በአጭሩ እንናገር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንነሣለን። ሊጡ ይታያል፣ እሳቱ ይያያዛል፣ ውኃ ያልመጣ እንደሆነ ጄሪካን ይነሣል። ልጆች ለትምህርት ቤት ይሰናዳሉ። ከዚያ ገሚሶቻችን ወደ ጉሊት፣ ገሚሶቻችን ሰው ቤት ልብስ ለማጠብ፣ ገሚሶቻችን ወደ ማኅበራችን የፈትል ክፍል እንሄዳለን። ማታ ስንመለስ ጠዋት ትንሽ አድርገን የተውነው ሥራ ጎርምሶ ይጠብቀናል።

ከመካከላችን የዕድሜያቸውን እኩሌታ በእንጦጦ ጫካ እንጨትና ቅጠል ሲሸከሙ የኖሩ እናቶች አሉ። ባሕር ዛፉ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ሲገባ የአዲሱን ከተማ የማገዶ ችግር ያቃልላል ተብሎ ነበር፤ አቃለለም። ከተራራው ወደ ከተማው ማን ተሸክሞ እንደሚያወርደው ግን ያን ጊዜ የታሰበበት አይመስለንም። ከራስ ክብደት የማይተናነስ ሸክም በጀርባ ይዞ፣ በአንድ ወገን የጫካ ጥበቃውን፣ በሌላ ወገን የሚያንሸራትተውን ቁልቁለት እየፈሩ ወደ ሽሮ ሜዳ ወይም ወደ ፈረንሳይ ሲወረድ፣ መጽሐፍ የሚባል ነገር በሐሳብ አይመጣም። ዛሬም በዚያው መንገድ ላይ ያሉ እኅቶች አሉን። እነሱን «ለምን አታነቡም» ብለን ለመውቀስ አልተነሣንም።

ወደ ነገሩ እንግባ። ከአራት ዓመት በፊት ረዳቶቻችን አንድ ቁም ሣጥን ሙሉ መጻሕፍት ሰጡን። በርክክቡ ቀን እልል ብለን ተቀበልን፣ ፎቶም ተነሣን። ከዚያ ቁም ሣጥኑ ተቆለፈ። ቁልፉ እንዳይጠፋ ተብሎ ለአንድ ሰው ተሰጠ፤ መጻሕፍቱም እንዳይጠፉ ተብሎ አልወጡም። በእርግጥም አንድም አልጠፋም፤ የነካቸው ሰው ስለሌለ። ይህንን ረዳቶቻችን ፊት መናገር ያሳፍራል፤ ግን በየዓመቱ ሪፖርታችን ላይ «ቤተ መጻሕፍት አለን» እያልን ስንጽፍ የነበረው ይህንኑ የተቆለፈ ቁም ሣጥን ነው። በኋላ ስንከፍተው እኩሌታው ስለ ኮምፒውተርና ስለ ሂሳብ አያያዝ የሚናገር ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሆኖ አገኘነው። ከአማርኛው ውስጥ ሽፋኑ የተላጠ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበረበት። ስለ እሱ እንመለስበታለን።

ቁም ሣጥኑን ያስከፈተን የንባብ ፍቅር አልነበረም። አንድ ወረቀት ነው።

ከእናቶቻችን አንዷ ዘመዷ «ምስክር ሁኚልኝ» ብሏት አንድ ወረቀት ላይ ፈረመች። በጣት አይደለም፤ ስሟን በራሷ እጅ ጽፋ ነው የፈረመችው። ወረቀቱ ግን የምስክር አልነበረም፤ የብድር ዋስ ነበር። ዘመዷ ሳይከፍል ሲቀር ዕዳው ወደ እሷ መጣ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ከፈትል የምታገኘውን እየቆረሰች ከፈለች። ስታለቅስ አላየናትም። አንድ ቀን ብቻ ቡና ላይ፣ «ፊደሉን እኮ አውቀው ነበር፤ ወረቀቱን ሳየው ግን ፊደሉ ሁሉ ተንቀሳቀሰብኝ። ምን ይላል ብዬ ለመጠየቅ አፈርኩ» አለችን።

ይህች እናታችን በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የ12 ዓመት ልጅ ነበረች። ያ ዘመቻ በዓለም የተመሰገነ ነበር፤ አገራችን በእሱ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጥ ሽልማት ተቀብላለች። እሷም ከዘመቻው ምስክር ወረቀት አግኝታለች፤ እስከ ዛሬ በላስቲክ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ከዚያ በኋላ ግን ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣ፣ ሸክም መጣ። ለአርባ ዓመት ያነበበችው የዘይት ጄሪካን ጽሑፍና የታክሲ ታፔላ ብቻ ነው። ፊደል እንደ ማጭድ ነው፤ ካልተሠራበት ይዝጋል።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የአገራችን ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ፣ ከወንዶቹ ግን 69 በመቶ መሆናቸውን ያሳያል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልን። በዚያ ጥናት ሁለተኛ ደረጃ ያልደረሰች ሴት እንደምታነብ የሚቆጠረው በፊቷ ከተዘረጋው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያንስ ከፊሉን ካነበበች ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ማንበብና የዋስ ወረቀት አንብቦ «ይህን አልፈርምም» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሚያጥረው ብዙ በማንበብ ብቻ ነው፤ ብዙ ለማንበብ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል። እንግዲህ የጊዜው ጥያቄ እንዲህ አድርጎ ደጃችን መጣ።

መጀመሪያ ያደረግነው ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። መጻሕፍቱን ለአባላት አከፋፍለን «በቀን ግማሽ ሰዓት ቤታችሁ አንብቡ» አልን። በወሩ መጨረሻ መጻሕፍቱ ተመለሱ። የአንዱ ሽፋን የምጣድ ማሰሻ ሽታ ነበረው፤ አንዱ ላይ ሕፃን ሥዕል ሥሎበታል። ያነበበ ግን አልነበረም። ድካሙ አንድ ነገር ነው፤ መብራቱም አንድ ነገር ነው። ከሁለቱ የበለጠውን ግን ለመናገር አፍረን ነበር፤ ዛሬ እንናገረው። መጽሐፍ ይዛ የተቀመጠች ሴት ሥራ የፈታች ትመስላለች። ለባሏ ብቻ አይደለም፤ ለጎረቤቷም፣ ለራሷም ጭምር። አንዷ እኅታችን የበር ኮቴ ስትሰማ መጽሐፉን ትራስ ሥር እየደበቀች ሽንኩርት ታነሣ እንደነበር ነግራናለች። ቤቷ ውስጥ ማንም አልከለከላትም፤ ግን እጇ ባዶ ሆኖ እንዳትገኝ ያሳደገቻት እናቷ ናት።

ሁለተኛው ሙከራችን የእሑድ ንባብ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ሰዓት አብረን እናንብብ ተባለ። የመጀመሪያው እሑድ አሥራ አራት ሆነን መጣን፤ ሁለተኛው እሑድ ስድስት። ሦስተኛው እሑድ ለቅሶ ነበረ። አራተኛው ተዝካር። አምስተኛውን እሑድ የሚያስታውስ የለም። እሑድ ለሴት የዕረፍት ቀን ነው ብሎ ያሰበ ሰው እሑድ ከሰዓት በኋላ ከእኛ ቤት ውሎ አያውቅም፤ ያሰብነው ግን እኛው ነን።

ሦስተኛውን አላቀድነውም። በፈትል ክፍላችን ጥጥ አባዝተን፣ ነድፈን፣ አመልማሎ አድርገን እንፈትላለን። ፈትላችን ሽሮ ሜዳ ላሉ ሸማኔዎች ይሄዳል፤ አሁን ብዙውን ጊዜ ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእኛ ፈትል ያደርጉታል። ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት እንቀመጣለን። አንድ ማክሰኞ፣ ከሁላችን በዕድሜ የምታንሰው፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችው ልጃችን፣ በርበሬ የተጠቀለለበትን አሮጌ ጋዜጣ አቃንታ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ስለ አንድ የፍርድ ቤት ክርክር ነበር። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እንዝርቱ ብቻ ይሰማል። ወረቀቱ የተቀደደበት ቦታ ስትደርስ አቆመች። «መጨረሻውስ?» ብለን ሁላችንም ጮኽንባት። መጨረሻው ሌላ ሰው በርበሬ ላይ ቀርቷል።

በማግሥቱ ቁም ሣጥኑ ተከፈተ፤ የተላጠው «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጣ። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ጀመርን።

የሐዲስ ዓለማየሁን መጽሐፍ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከታተመ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ትውልድ አልቅሶበታል። ከ500 ገጽ በላይ ነው። በአንድ ቀን ሰባት ገጽ ያህል እናነባለን፤ ከዚያ በላይ ሲሆን አንባቢዋም ይደክማታል፣ ወሬውም ይበዛል። ምክንያቱም ዝም ብለን አንሰማም። ውድነሽ ባሎቿ እየሞቱባት ሰው የሸሻት መሆኑን ስንሰማ፣ ከመካከላችን እንዲህ የተባለች ሴት ስላለች ያን ቀን ከሁለት ገጽ በላይ አልሄድንም። ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ስንነጋገር የስንቱ አማት ስም ተነሣ። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ፊደል ሲያስተምር ሳለ ነገሩ ሲጀመርማ፣ አንዲት አሮጊት እናታችን «አያችሁ! እኛን ያላስተማሩን ይህን ፈርተው ነው» አለች፤ ያን ቀን ብዙ ክር ተበጠሰ።

እንግዲህ ክርክሩ ከዚህ ይመጣል። አንባቢዋ በምታነብበት ሰዓት አትፈትልም። እኛ የሚከፈለን በፈተልነው ልክ ነው። ስለዚህ ልጅቷ በየሳምንቱ ከሁላችን ያነሰ ይዛ ትሄድ ነበር። እኛም ለሦስት ሳምንት አይተን እንዳላየን አለፍነው። በአራተኛው ሳምንት እናቷ መጥታ፣ «ልጄን በነፃ አስደግማችኋታል» አለችን፤ እውነቷን ነው።

ስብሰባ ተጠራ። አንዷ ሐሳብ ያቀረበችው ሁላችን በዚያ ሰዓት ከፈተልነው አማካዩ ተሰልቶ በአንባቢዋ ስም ይመዝገብ፣ ወጪውን እንካፈለው የሚል ነበር። ሌላዋ ተነሥታ፣ «ልጄ ደብተር አጥቶ እያለ ለተረት አልከፍልም» አለች። ይህን ንግግር ማንም ሊያጣጥለው አይችልም፤ እኛም አላጣጣልነውም። ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተነታረክን።

በዚያ ሰሞን ነው አንድ ጎረቤታችን የኩባን ነገር የነገሩን። በደርግ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ወደ ኩባ ተልከው ተምረዋል፤ እሳቸው ከእነዚያ አንዱ ናቸው። በሃቫና ከተማ ሲጋር የሚጠቀልሉ ሠራተኞች ከእ.ኤ.አ. 1865 ጀምሮ አንባቢ አላቸው። አንባቢው ከፍ ባለ ቦታ ተቀምጦ፣ መጀመሪያ ጋዜጣ፣ ቀጥሎ ልብ ወለድ ያነብላቸዋል፤ እነሱ ትምባሆውን እየጠቀለሉ ይሰማሉ። በድሮው ጊዜ የአንባቢውን ደመወዝ ሠራተኞቹ ራሳቸው ከደመወዛቸው እያዋጡ ይከፍሉ ነበር። የሚነበበውንም መጽሐፍ በድምፅ ብልጫ ይመርጣሉ። ገና በዓመቱ መንግሥት ከልክሎት ነበር፤ የሚሰሙ ሠራተኞች ያስባሉና። ንባቡ ግን እስከ ዛሬ አለ። ይህንን ስንሰማ ተያየን። ድሃ ሠራተኛ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ከፍሎ ካዳመጠ፣ እኛ ለአንዳችን ልጅ ከፈትላችን ቆርሰን መስጠት እንዴት ያቅተናል?

ድምፅ ሰጠን፤ የክፍያው ሐሳብ አለፈ። ለእያንዳንዳችን የደረሰን ከአንድ ልቃቂት በጣም ያነሰ ነው። የተቃወመችውን እኅታችንን አላስገደድናትም። ጥግ ይዛ ጀርባዋን ሰጥታን ትፈትል ነበር። አንድ ሰኞ ለቅሶ ሄዳ ቀረች፤ ማክሰኞ እንደገባች፣ «የትናንቱን ድገሙት፤ ጉዱ ካሳ ምን ብሎ መለሰ?» አለች። እስከ ዛሬ ድርሻዋን አትከፍልም። ቡናውን ግን እሷ ታፈላለች፤ የቡናውንም ዋጋ ጠይቀናት አታውቅም።

አንዳንድ ሰው «ይህ መስማት እንጂ ማንበብ አይደለም» ይለናል። እኛ እንዲህ ብለን እንመልሳለን። በግእዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ነው፤ «አንበበ»፣ የእኛም «አነበበ»፣ የመጣው ከዚያ ነው። አያቶቻችን ዘንድ መጽሐፍ በድምፅ የሚወጣ ነገር ነበር። በቤተ ክርስቲያን ተአምረ ማርያም ሲነበብ ቆመን የምንሰማው በዚሁ መንገድ ነው። ለሙስሊም እኅቶቻችንም «ቁርኣን» የሚለው ቃል ራሱ በድምፅ ከማንበብ የወጣ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ቢሆን መጽሐፉን በእጁ ይዞት ከማያውቅ ሰው ቤት የገባው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው። እናቶቻችን ያን ሰዓት በጉጉት ይጠብቁት እንደነበር እናስታውሳለን፤ ወጥ እያማሰሉ፣ ጥጥ እየፈተሉ። ብቻውን ተቀምጦ በዝምታ የሚያነብ ሰው ጥሩ ነው፤ እኛም እንመኘዋለን። ባለፈው ዓመት ጥቂቶቻችን በ2014 ዓ.ም. 4 ኪሎ የተከፈተውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄደን አይተናል። ያምራል፤ ልጆቻችንን ልከናል። ግን እዚያ ጮክ ብሎ አይነበብም፣ እንዝርትም አይሽከረከርም። በሀዋሳ ደግሞ አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስና ባልደረቦቻቸው መጻሕፍቱን በአህያ ጋሪ ጭነው ሕፃናቱ ወዳሉበት ወስደዋል። የእኛ መንገድ ወደዚህኛው ይቀርባል፤ መጽሐፉ ሥራችን ወዳለበት መጣ እንጂ እኛ ሥራችንን ጥለን ወደ መጽሐፉ አልሄድንም።

በሰኔ ወር ልጃችን ወደ ዐረብ አገር እንደምትሄድ ነገረችን። ወረቀቷ አልቋል። ከመጽሐፉ የቀረን አንድ መቶ ገጽ ያህል ነበር። ለእሷም ለእኛም ከባድ ቀን ነበር። ውሏን ፊታችን አስቀምጣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ አነበበችልን። ደመወዙን፣ የዕረፍት ቀኑን፣ ፓስፖርቷን ማን እንደሚይዝ፣ እያንዳንዱን እያቆምን ጠየቅን። ሁለት ቦታ ላይ «ይህ ይስተካከል» ብላ ተመልሳ ሄዳለች። አንዱ ተስተካከለላት፤ አንዱ አልተስተካከለም፤ እሷም ሄደች።

ያለ አንባቢ ቀረን። ሌሎቹ ፊደል የምናውቀው ሰዎች ተራ በተራ ሞከርን። አንዷ ትፈጥናለች፤ አንዷ ነጥቡን ትዘላለች። ያቺ የዋስ ወረቀት የፈረመችው እናታችን ተራዋ ሲደርስ መጽሐፉን እጇን ዘርግታ ከፊቷ አራቀችው፤ አቀረበችው፤ ደግሞ አራቀችው። «ረስቼዋለሁ፤ ተዉኝ» አለች። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስሕተታችን የተገለጠው። በዚያው ሳምንት ስለ ዓይን የሚያስረዱ የጤና ባለሙያ መጥተው ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ የሰው ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ እንደ ድሮው መተጣጠፍ እያቃተው እንደሚሄድ፣ ሩቁ እየታየ የቅርቡ እንደሚደበዝዝ ነገሩን። መነጽር ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጧት። አድርጋው መጽሐፉን ስትከፍት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «እንዴ» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም።

ፊደሉ የተንቀሳቀሰባት ስለ ረሳች ብቻ አልነበረም፤ ስላልታያት ጭምር ነው። ስንቶቻችን ነን መርፌ ልጅ ጠርተን እያስጨመርን፣ መጽሐፍን ግን «ጊዜ የለኝም» እያልን የራቅነው? ለረዳቶቻችን አንድ ነገር እንጨምር። በሕንድ አሳም በሚባል አገር፣ ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ለሆነ የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች የቅርብ ማያ መነጽር ተሰጥቶ፣ ካልተሰጣቸው ጋር ሲወዳደር የለቀሙት ከ20 በመቶ በላይ እንደ ጨመረ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት አሳይቷል። «ንባብ ገቢ ይጨምራል ወይ?» ብላችሁ በየጊዜው ትጠይቁናላችሁ። ስለ ንባቡ በሚዛን የምናሳያችሁ የለንም፤ በመጀመሪያው ወር ፈትላችን ትንሽ ቀነሰ፣ ከዚያ ወደ ነበረበት ተመለሰ፣ በቃ። መነጽሩ ግን ለፈትሉም ለመጽሐፉም ነው።

እናታችን ማንበብ ጀመረች። ቀስ ብላ ነው። እያንዳንዱን ቃል እንደ አመልማሎ እየሳበች ነው የምታወጣው። አንዳንዶቻችን ተቁነጠነጥን፤ «እትዬ፣ እርስዎ እስኪጨርሱ ሰብለ ታረጃለች» ያለም ነበር። እሷ ሳቀችና ቀጠለች። በቀን ሰባት ገጽ የነበረው ሦስት ሆነ። በነሐሴ ዝናብ፣ ጭጋጉ በር ድረስ ሲመጣ፣ በሦስት ገጽ በሦስት ገጽ እየሄድን በጳጉሜን 2 ጨረስን። መጨረሻውን የምታውቁ ምን እንደሆንን ታውቃላችሁ። ያን ቀን ጥጥ የነካ የለም።

ከዚያ በኋላ ያነሣነው ሁሉ አልተሳካልንም። የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» ጀምረን ጥቂት ገጽ ሄደን አቆምን፤ ጆሯችን ገና ነው፤ አንድ ቀን እንመለስበታለን። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ግን አዲስ ለሚለማመዱ ተስማምቷል፤ ታሪኮቹ አጫጭር ስለሆኑ አንዷ አንዱን አንብባ ጨርሳ «ጨረስኩ» ማለት ትችላለች። በወር በ16 ቀን የኪዳነ ምሕረት በዓል ስለሆነ ንባብ የለም። በርበሬ በሚወቀጥበት ቀንም ድምፅ አይሰማም። ሕፃን የያዙ እኅቶች ሲመጡ ግማሹ ንባብ በልቅሶ ያልፋል፤ እንታገሣለን። ጫካ የሚውሉት እኅቶቻችን በ8 ሰዓት ሊመጡ አይችሉም። ለእነሱ እስካሁን መላ አላገኘንም፤ የሚያውቅ ካለ ይምከረን።

ረዳቶቻችን ምን እንላክ ብላችሁ ለጠየቃችሁን፣ ቀጥተኛ መልሳችን ይህ ነው። የእንግሊዝኛውን ወፍራም መጽሐፍ አትላኩ። ፊደሉ ጎላ ያለ የአማርኛ መጽሐፍ፣ ከአንድ ዓይነትም ሁለት ሦስት ቅጂ ላኩልን፤ አንዷ ስታነብ ሌላዋ በዓይኗ እንድትከተል። መነጽር ላኩ። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ በተመለከተ፣ ከአሁን በኋላ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው። እስካሁን ሁለት መጽሐፍ ጠፍቶብናል፤ አንዱ የት እንዳለ እናውቃለን፣ እያነበበችው ስለሆነ ዝም ብለናል።

ያቺ ልጃችን ከሄደች በኋላ በደወለች ቁጥር የምትጠይቀው አንድ ነበር፦ «ሰብለ እንዴት ሆነች?» በስልክ አውርቶ መጨረስ አይቻልም፤ እሷም ብዙ ሰዓት የላትም። ስለዚህ የቀሩትን ምዕራፎች እናታችን ስታነብ በስልክ ቀድተን በቴሌግራም ላክንላት። የእንዝርቱ ድምፅ፣ የቡናው ስኒ፣ የእኛ ጩኸት ሁሉ አለበት። ማታ ልብስ ስትተኩስ በጆሮዋ አድርጋ እንደምትሰማው ጽፋልናለች። የመጨረሻውን ከሰማች በኋላ ለሁለት ቀን ድምፅዋ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን፣ «ቀጣዩስ ምንድን ነው?» የሚል መልእክት መጣ።

ቀጣዩ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» እንዲሆን በድምፅ ብልጫ ተወስኗል። ሐሙስ በ8 ሰዓት እንጀምራለን፤ ስልኩን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ።